በእርሾው ውስጥ ያሉት

የቡሆ ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ ግራ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ክድን ይላል። ሰው ፊት ሲሆን ያሳፍራል። ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን አንዲት ጓደኛዬ ቤት ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ከጓዳ በኩል ኮምጠጥ ያለ የሊጥ ሽታ መጣና ዓይኔ እንደ ልማዱ ተጨፈነ። ጓደኛዬ የጠቀስኩ መስሏት ማን እንደገባ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። ዓይኔን ምን እንደነካው ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ነገሩ ረጅም ነው፤ ጎረቤላ ድረስ፣ እማሆይ ቤት ድረስ፣ አራተኛ ክፍል እያለሁ እስካሳለፍኩት ሁዳዴ ድረስ ይሄዳል።

እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው መነኮሱ፤ ገዳም ግን አልገቡም፣ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ በገዛ ቤታቸው ቀሩ። በዚያ ዓመት እናቴ መንታ ወለደችና ደብረ ብርሃን ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ እኔ የምተኛበት ጠፋ። አባቴ "ለእማሆይ ውሃ ትቀዳላቸዋለች" ብሎ ወስዶኝ፣ እሳቸው ዘንድ ትቶኝ ተመለሰ። ውሃውማ ሰበብ ነው፤ ቧንቧው ከበራቸው ፊት ለፊት ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል።

እማሆይ አጭርና ቀጭን ሴት ነበሩ። አንዱን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ በቀረችው ግን የሚያመልጣቸው ነገር አልነበረም። ምላሳቸውም ስለታም ነው። "ትዕግስት ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው መልክሽን አይቶ ነው እንጂ ጠባይሽን አላየም" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። መቀመጥ አልችልም፤ የተከደነ ነገር ሁሉ ካልከፈትኩ አላርፍም።

በሰፈሩ የታወቁት ከጸሎታቸው ይልቅ በእርሾአቸው ነው። ሊጥ ቦክቶ ከላይ የሚያቀረውን ብጫ ውሃ በትንሽ ማሰሮ አድርገው፣ ብርድ እንዳይመታው ከምድጃው አጠገብ ያኖሩታል። የጎረቤላ ብርድ ክፉ ነው፤ የብዙ ቤት እርሾ ይበላሻል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ጣሳ ይዞ እማሆይ ደጅ ነው። ሳይሰስቱ ይሰጣሉ፤ የሚያናድዳቸው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጥቶ የሚጠይቅና ጣሳውን ሳያጥብ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው እርሾውን ያገኙት ከእናታቸው ነው፣ እናታቸውም ከእናታቸው። እንግዲህ በሰፈሩ የሚበላው እንጀራ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ከዚያች ማሰሮ የወጣ ነው ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉዱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የጉዱ ሁሉ መነሻ የሆነችውን መነጽር ያመጣልኝ አጎቴ ታደሰ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ጭነት ያመላልስ ነበር። አንድ ጊዜ የጫነው የአሻንጉሊት ካርቶን መንገድ ላይ ተጨፍልቆበት፣ ባለ ዕቃው የተሰባበረውን ሲጥል እሱ አንዷን አንስቶ አመጣልኝ። ሰማያዊ ፕላስቲክ ናት፤ አምፖል ነበራት፣ አትበራም። ከሥሯ ግን ፀሐይ የምትይዝ ትንሽ መስታወት አለቻት፣ ከመስታወቷም በላይ የሚታየው ነገር የሚቀመጥባት ስስ ብርጭቆ። ማይክሮስኮፕ እንደምትባል የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አጎቴ ራሱ የሩቅ ማያ መስላው ዓይኑ ላይ ደቅኖ ወደ ቆላው አየባትና፣ እንደማትሠራ ግን እንደምታምር ነግሮኝ ሄደ።

እንደምትሠራ ያወቅኩት በጨው ነው። እየበላሁ ሳገላብጣት ከጣቴ ላይ ጨው ወደቀባት፤ ባጎነብስ ጥግ ጥጉ የተጠረበ፣ እንደ በረዶ የሚያበራ ትልቅ ድንጋይ አየሁ። ዓይኔን አንስቼ አየሁ፤ ጨው ነው። ተመልሼ አየሁ፤ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ያስደነግጠኝ ጀመር። የጋቢው ክር አጎቴ ጭነት የሚያስርበትን ገመድ አከለ። የዝንብ እግር ጠጉራም ሆኖ ተገኘ። ታጥቤ መጣሁ ያልኩት የገዛ ጥፍሬ ሥር ያለውን እድፍ ሳይ ደግሞ ለሳምንት ያህል ሰው በእጄ መንካት አስፈራኝ።

የልጅ ነገር፣ መነጽሯ ነገሮቹን የምታሳየኝ ሳይሆን የምታሳድጋቸው ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከራሴ ላይ ቅማል አግኝቼ ካየሁ በኋላ፣ ብርጭቆዋን በር ላይ ሳራግፍ በሌላ እጄ ፍልጥ ይዤ ነበር፤ በዚያው መጠኗ ብትወድቅስ ብዬ። እማሆይ ፍልጡን አይተው ምን ልመታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅማል አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ነጭ ጋዝ አመጡና ራሴን ቆዳው እስኪቃጠል አሹኝ።

ችግሬ ፀሐይ ነበር። ጎረቤላ ላይ ፀሐይ ተለምና ነው የምትወጣው። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ እየተንከባለለ ይመጣና አጥሩንም አህያውንም ይውጠዋል፤ ያኔ መነጽሯ ጨለማ ናት። በልግ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይዋ ብልጭ ስትል ያገኘሁትን ነገር አንስቼ ወደ ደጃፍ እሮጣለሁ።

በሁዳዴ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጠዋት ጉሙ ተገፈፈና ፀሐይ እስከ ምድጃው ድረስ ገባች። እማሆይ ሊጥ ሊያቦኩ ማሰሮውን ከፍተው ነበር። ዱቄት ሊያመጡ ዘወር ሲሉ በስንጥር ጫፍ አንድ ጠብታ ወሰድኩ። ብርጭቆዋ ላይ አኑሬ፣ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ አጎነበስኩ።

ብጫ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ውስጥ ድቡልቡል ያሉ ነገሮች ነበሩ፣ እጅግ ብዙ። መጀመሪያ ዝም ያሉ መስለውኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ተንቀሳቀሰ፣ ሌላውም ተከተለ። ይጠጋጋሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዳንዶቹ ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከኮረብታው ላይ ሆኜ የገበያ ቀን ሰው ሳይ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ክው አልኩ። እስከዚያ ቀን ያየሁት ወይ ዕቃ ነበር፣ ወይ የማውቀው ተባይ። እነዚህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

"እማሆይ፣ እርሾው ውስጥ ሰዎች አሉ" አልኳቸው።

ሳቁ። ከቅማሉ ወዲህ ምን ብናገር ይስቁ ነበር። እስቲ ልየው ብለው ደህናዋን ዓይናቸውን አስጠጉ። መስታወቷን ወደ ፀሐይ መለስ አድርጌ ያዝኩላቸው። ሳቃቸው ሲያቆም ሰማሁት። ጀርባቸው እንደ ጎበጠ ቀረ፤ ዱቄት የነካ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቀና ሲሉ ፊታቸው የማላውቀው ፊት ነበር።

"ነፍስ አላቸው?" አሉኝ።

እኔን አዋቂ ብለው ጠየቁኝ ብዬ ደስ አለኝ። አላቸው፣ ያውም እጅግ ብዙ ናቸው ብዬ ኮራ ብዬ መለስኩ።

በጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላው ነፍስ ካለው የወጣ ስለሆነ ነው ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው እማሆይ ናቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል የማይቀምሱ፣ በሁዳዴ ወጥ እንኳ ያለ ዘይት የሚበሉ ሴት ናቸው። መደብ ላይ ተቀመጡና ማሰሮውን አዩት። ምን እያሰቡ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ የገባኝ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለፉትን ጾሞች አንድ በአንድ እየጠሩ ነበር። ያጽናናኋቸው መስሎኝ አፌን ከፈትኩ።

"እማሆይ፣ ምጣዱ ላይ ሲወጡ እኮ ይሞታሉ" አልኩ።

"ታዲያ ሥጋ ነው የምትይኝ" አሉ።

ማሰሮውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከትያቸው ሄድኩ። ያን ሁሉ ዘመን የኖረ እርሾ ጌሾው ሥር ደፉት፤ አፈሩ በአንድ ጊዜ ጠጣው። ከዚያ ማሰሮውን ሊያጥቡ ውሃ አፈሉ። የፈላውን ሊጨምሩበት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቆመ፤ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ሊገድሉ መሆኑ ትዝ ብሏቸው ነው። ማሰሮውን ሳያጥቡ አፉን ወደ ታች ደፍተው አስቀመጡት። እኔ በበሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ደህና ጠዋት ነበር እኮ፣ ሊጥ ሊቦካ ነበር።

ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስማሉኝ። ምክንያታቸውንም ነገሩኝ፤ ሰፈሩ የሚበላው ሳያውቅ ነው፤ ሳያውቅ የበላ አይጠየቅም፤ ካወቀ ግን እንደ እሳቸው ይጨነቃል። ስለዚህ ሸክሙን ብቻቸውን ሊሸከሙ ወሰኑ። ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ጌታነህ እንኳ እንዳልነግር ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለልጅ መሐላ መሐላ ነው። አንድ ነገር ግን ጨመሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ነው ያሉኝ።

"ዘንድሮ ለትንሣኤ አልቆርብም። ጾሜ ጾም አይደለም።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ብሆን ገባኝ። ከአልጋቸው ሥር በሣጥን የተቀመጠ ነጭ ልብስ ነበራቸው፤ የሚለብሱት ትንሣኤ ሲደርስ ለቁርባን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲያወሩ የዚያን ቀን ስም ሳያነሱ አይውሉም። ስለማይቀር የቅርብ ዘመድ እንደሚያወሩ ሰዎች ነበር የሚያወሩለት። አሁን በእኔ መነጽር ምክንያት ያ ዘመድ ቀረ።

እንጀራ ከቤታችን ጠፋ። እማሆይ ቆሎና ንፍሮ ያዙ። እኔን ግን መርማሪ አደረጉኝ፤ የሚበሉት ነገር ሁሉ አስቀድሞ በመነጽሯ ያልፋል። ድንች ንጹሕ ነው አልኩ፤ በሉ። ባቄላ ንጹሕ ነው አልኩ፤ በሉ። ጎመን ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር በእግሩ ሲሄድ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ፤ ጎመን ቀረ። ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ አንድ ጠብታ ሳይ ደግሞ ጭራ ያለው ነገር ከዳር እስከ ዳር ሲዋኝ አየሁ፤ እየጮህኩ ነው የተነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ውሃም እየቀነሱ መጡ። በየቀኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ የምፈርደውም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ፣ ልደብቀው አልችልም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን የጠበሉን ጠርሙስ ከራስጌያቸው አንስቼ ጠብታ ልወስድ ስል እጄን ያዙኝ።

"እሱን ተዪው" አሉኝ።

ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። እማሆይ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። ጣቶቻቸው ቀዝቅዘው ነበር። እማሆይ እንደሚፈሩ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከእርሾው ይልቅ ያስደነገጠኝም ይህ ነው። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ቀን በኋላ መነጽሯን ስነካ ደስታዬ ጠፋ።

በትልቅነቴ የተማርኩትን እዚህ ላይ ብናገር ይሻላል። ያቺ አሻንጉሊት እርሾን ለይታ የማሳየት አቅም አልነበራትም ይሉኛል፤ ያየነው ምናልባት ፀሐይ ሲያሞቀው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የዱቄት ብናኝ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው መሆኑ ግን እውነት ነው። በሐሰተኛ ምስክር እውነቱን ተናግሬ ነበር ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ "ወይ ጉድ" አልኩ፤ መምህሩ አስወጣኝ።

ጎረቤቶች ጣሳ ይዘው ሲመጡ እማሆይ "የለኝም" ይሉ ነበር። መዋሸት አይችሉም፣ ማስረዳትም አልፈለጉም። ሰው ግራ ተጋባ። ከሁሉ በላይ ግራ የተጋባችው እትዬ ዘሃራ ናት። ከአልዩ አምባ ወጥታ ከቤታችን ጎን በርበሬና ጨው የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የእሷም እርሾ ከእማሆይ ማሰሮ የወጣ ነው። በረመዳን የሚያፈጥሯት እማሆይ ናቸው፣ እሷም በሁዳዴ የእማሆይን ደጅ ትጠርግላቸዋለች። የእማሆይ ልብስ እየሰፋቸው መምጣቱን ያየችው መጀመሪያ እሷ ናት። ምን ሆነው ነው ስትለኝ አላውቅም እላለሁ፤ እያልኩም ከመሶቧ እንጀራ እጎርሳለሁ። በእያንዳንዱ ጉርሻ ገበያው ሁሉ ሲንጫጫ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ርቦኛል፣ እበላለሁ።

ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ሰገዱ። ሲነሱ፣ ሲሰግዱ፣ ሲነሱ ቆዩና አንዴ ተደፍተው ቀሩ። ጸሎት ያስረዘሙ መስሎኝ እኔም ግንባሬን መሬት አድርጌ ጠበቅኳቸው። እንዲያውም ማን አስቀድሞ እንደሚነሳ የምንፎካከር መስሎኝ ነበር። ቀና ያልኩት አንዲት ሴት ስትጮህ ነው። ሲገለብጧቸው ቆባቸው ወደቀ፤ ከሥሩ የነበረው ጠጉር እንደ ሕፃን ጠጉር ስስ ነው። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ግን አያይም። ሞተዋል ብዬ ነበር፤ እኔ ገደልኳቸው ብዬ ነበር።

አልሞቱም። ተሸክመው ቤት አስተኟቸው። እትዬ ዘሃራ አጥሚት ሠርታ አመጣች። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል፣ ጾማቸውን ቢፈቱ ነውር የለበትም። እማሆይ ማንኪያው ከንፈራቸው ሲደርስ አልጠጡም፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። ወደ በሩ አየሁ። ጉም ነው፣ ድቅድቅ ያለ ጉም። ፀሐይ የለም፤ መመርመር አልችልም። ንጹሕ ነው ብዬ ብዋሽላቸው ይጠጡ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አጥሚቱ ቀዘቀዘ።

እትዬ ዘሃራ ማንኪያውን አስቀመጠች። ይዛኝ ወጣችና በሩ ላይ አቆመችኝ።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አለችኝ።

"ምያለሁ" አልኳት።

"ለእኔ አትንገሪኝ። መሐላሽን ይዘሽ ለንስሐ አባታቸው ሂጂ፤ ወላሂ፣ እሳቸው ካልፈቱት ይህች ሴት እየሄደች ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ከእሷ ቤት እርሾ በጠርሙስ ክዳን ለመንኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ክዳኑን በአንድ እጄ፣ መነጽሯን በብብቴ አድርጌ በጉሙ ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መምሬ ጌታነህ ከቤተልሔም ወጥተው፣ ኅብስቱን ያዘጋጁበትን እጃቸውን ሲያደርቁ አገኘኋቸው። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ እርሾውን፣ መሐላውን፣ ጎመኑን፣ ቁርባኑን። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ግን ጉም ነው። ከግቢው ግንብ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ፀሐይ መጠበቅ ያዝን። እሳቸው በልባቸው ይደግማሉ፤ እኔ እርሾው እንዳይፈስ ክዳኑን እጠብቃለሁ። የዚያን ቀን ያህል ፀሐይን ለምኛት አላውቅም።

ወጣች። ትንሽ ናት፣ ግን ወጣች። መምሬ መጀመሪያ ጥቁር ሣር ብቻ ነው የሚታየኝ አሉ፤ የገዛ ሽፋሽፍታቸው ነው። ዓይናቸውን እንዴት እንደሚያስጠጉ አሳየኋቸው። ጺማቸው መስታወቷ ላይ ተኝቶ ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ልክ የእማሆይን ፊት አየሁባቸው፤ ደንግጠዋል። እጃቸውን አዩት፤ ጣታቸው መሐል ሊጥ ደርቆ ነበር። ተነስተው ቁልቁል ወደ እማሆይ ቤት ሄዱ፤ እኔ ከኋላቸው ሮጥኩ።

እማሆይ እንደ ተኙ ናቸው። መምሬ በርጩማ ስበው ከራስጌ ተቀመጡ። ልጅቷ ነግራኛለች፣ እኔም አይቻለሁ አሉ። እማሆይ በእኔ ይቆጣሉ ብዬ ከምሰሶው ኋላ ሄድኩ፤ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም።

"እማሆይ" አሉ መምሬ፣ "ዛሬ ለቅዳሴ ያዘጋጀሁት ኅብስት በምን እንደተነሳ ያውቃሉ?"

መምሬ በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠጉ።

"በእርሾ ነው። ያለ እርሾ አይሁን ብለው አባቶቻችን ያቆዩልን፣ የምንቀበለው ሕያው ስለሆነ ነው።"

ከውጭ የእትዬ ዘሃራ ሙቀጫ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። አሁን ደግሞ ኅብስቱንም ፈሩ፣ አሁንስ ጨረስናቸው ብዬ ምሰሶውን አቀፍኩ። እማሆይ ደህናዋን ዓይናቸውን ገለጡ። ጣሪያውን ነው ያዩት። እንባ በጆሯቸው በኩል ወረደ።

"ሕያው መሆኑንማ አውቅ ነበር" አሉ። "ሲንቀሳቀስ አላየሁም እንጂ።"

መምሬ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲቆይ ግን ድምፃቸውን እንደ ንስሐ አባት አጠንክረው ጾማቸው እንዳልፈረሰ፣ ይልቁንም ሳይጠይቁ በገዛ ፈቃዳቸው ራሳቸውን በመጉዳታቸው ቀኖና እንደሚሰጧቸው ተናገሩ። እማሆይ ቀኖናውን ለመቀበል ክንዳቸውን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ። ስግደት የሚጨምሩባቸው መስሎኝ እኔም ልጮህ ነበር።

"ቀኖናዎት ይህ ነው" አሉ መምሬ። "ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንጀራ ይብሉ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። እምቢ ካሉ ለትንሣኤ አላቆርብዎትም።"

እንጀራ መብላት ቀኖና የሆነበት ሰው ከእማሆይ በቀር ሰምቼ አላውቅም። የዚያን ቀን እንጀራውን ያመጣችው እትዬ ዘሃራ ናት። እማሆይ ቆረሱ፣ አማተቡ፣ ወደ እኔ አላዩም። ሲያኝኩ እኔም አብሬያቸው መንጋጋዬን አንቀሳቅስ ነበር። ከዋጡ በኋላ ጥቂት ቆዩ፣ የሆነ ነገር የሚሰሙ ይመስላሉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጉርሻ ቆረሱ። እኔ ውጭ ወጥቼ ጌሾው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ትንሣኤ ላይ ነጩን ልብስ ለበሱ። ሰፍቷቸው ነበር፤ እትዬ ዘሃራ ቀድማ ጎኑን አጥብባላቸዋለች። ቆርበው ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ማንንም ሳያናግሩ በአጠገቤ አለፉ። ያቺ ደህና ዓይናቸው ብቻ ትታይ ነበር። እንደዚያ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት በመነጽርም ያለ መነጽርም አላየሁም።

ማሰሮዋ ግን ባዶ ነበረች። ከበዓሉ በኋላ እትዬ ዘሃራ የታጠበ ጣሳ ይዛ መጣች፣ እስከ አፉ ሞልቶ። እማሆይ ለመቀበል አቅማሙ፤ ከሌላ ሰው እርሾ መቀበል በዕድሜያቸው አድርገውት አያውቁም።

"የእርስዎው እኮ ነው፣ እማሆይ" አለቻቸው። "እኔ ዘንድ በእንግድነት ነበር።"

ማሰሮዋን ቀና አድርገው ተቀበሉ። መነጽሯን እንዳመጣ አልጠየቁኝም፤ እኔም ዳግመኛ ምንም ነገር እንድመረምር አልተጠየቅኩም። ያቺ ሰማያዊ አሻንጉሊት ክረምት ሲገባ መስታወቷ ሻግቶ ተጣለች።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ እማሆይ ሊጥ ሊያቦኩ ማሰሮዋን ሲከፍቱ ወዲያው አይቀዱም። ክዳኑን በእጃቸው ይዘው ጎንበስ ይላሉ፣ ድምፃቸውንም ለእንግዳ እንደሚያደርጉት ለስለስ ያደርጋሉ።

"ደህና አደራችሁ?" ይላሉ።

ከዚያ ትንሽ ይጠብቃሉ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ፣ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አብሬያቸው እጠብቃለሁ።